ያገለገለ የበርበን በርሜል ለቤት ጠማቂዎች፦ ገዝተን፣ ሞልተን፣ ቀምሰን ያየነው

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ያገለገለ የበርበን ውስኪ በርሜል በቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሊገዛቸው ከሚችላቸው ዕቃዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ነው። ሆኖም አንድ ሰው ለብቻው የሚገዛው ዕቃ አይደለም። ቡድን ይፈልጋል፤ ቡድኑም ፊት ለፊት እውነት መነጋገር የማያፍር መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ሁለት መቶ ሊትር ቢራ በአንድ ባልዲ ምክንያት ይበላሻል። እዚህ የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር አሥራ ሁለት ጠማቂዎች በጋራ ስለገዛነው በርሜል፣ ስለሻጮቹ፣ በውስጡ ስላስረጀነው ቢራና ስላወጣነው ገንዘብ ነው። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢኖር እንዲጠቅመው ብዬ በዝርዝር አስቀምጫለሁ።

ግማሾቻችን ኢትዮጵያውያን ነን፤ ሌሎቹ የሰፈሩ አሜሪካውያን ናቸው። እኔን እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ ብቅል፣ ጥንስስና አተላ ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ቢራ መጥመቅን ግን የተማርኩት እዚህ ነው። በአሜሪካ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1978 ሕጉን ከፈረሙ በኋላ ነው። አንድ ጎልማሳ ብቻ ለሚኖርበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ጎልማሶች ላሉበት ቤት ደግሞ እስከ 200 ጋሎን ይፈቀዳል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። የበርበን በርሜል 53 ጋሎን ማለትም 200 ሊትር ያህል ይይዛል። የተለመደው የቤት ጥመቃ በአንድ ጊዜ 5 ጋሎን ወይም 19 ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን በርሜሉን ልሙላ ቢል ሲጠምቅ ይከርማል፤ የመጀመሪያው ቢራ የመጨረሻውን ሲጠብቅ ያረጃል። አሥራ ሁለት ሰው አምስት አምስት ጋሎን ይዞ ሲመጣ ግን 60 ጋሎን ይሆናል፤ በርሜሉም በአንድ ቀን ይሞላል።

እንዲህ ያለ ግሩም ዕቃ በርካሽ የሚገኘው በሕግ ምክንያት ነው። አንድ ውስኪ በአሜሪካ በርበን ተብሎ እንዲሸጥ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ የሚያርፍበት የኦክ እንጨት ዕቃም ውስጡ በእሳት የከሰለና ከዚያ በፊት ምንም ያልተሞላበት መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በርበን ያረፈበት በርሜል ለሌላ በርበን አይመለስም። ማምረቻው ባዶውን ይሸጠዋል። ብዙው ባሕር ተሻግሮ ስኮትላንድ ይገባና የስኮች ውስኪ ይሞላበታል፤ ሉዊዚያና ውስጥ በኤቨሪ ደሴት የሚሠራው የታባስኮ የበርበሬ ስጎም የሚያርፈው በእነዚሁ በርሜሎች ነው። ወደ ቢራው ዓለም በሰፊው የገባው ደግሞ በ1990ዎቹ የቺካጎው ጉዝ አይላንድ ጠማቂ ግሬግ ሆል ከጂም ቢም ባገኛቸው በርሜሎች ጥቁር ቢራ ካስረጀ በኋላ ነው። የቤት ጠማቂዎችም ያንን ቀምሰው ነው በርሜል ማሳደድ የጀመሩት።

እንጨቱ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በነበልባል ይለበለባል። ከላይ የከሰል ሽፋን ይፈጠራል፤ ከከሰሉ ሥር ደግሞ ያልከሰለ፣ ነገር ግን ሙቀት ያቀላው ቀጭን ንጣፍ አለ። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። እንጨቱ ውስጥ ያለው ስኳር ይቀልጥና ካራሜል ይሆናል፤ ሊግኒን የሚባለው ክፍል ሲፈርስ የቫኒላ መዓዛ ያለው ቫኒሊን ይሰጣል፤ ከኦኩ ተፈጥሮ ደግሞ የኮኮናት መዓዛ ያለው ላክቶን ይወጣል። ውስኪው ከ62.5 በመቶ ባልበለጠ የአልኮል መጠን ተሞልቶ ለዓመታት ሲቀመጥ፣ በጋ ሲሆን ወደ ጣውላው ይገባል፤ ክረምት ሲሆን ይመለሳል። ሲገለበጥ ሁሉም አይወጣም፤ እንጨቱ የጠጣው ብዙ ሊትር እዚያው ይቀራል። የቢራ ጠማቂ ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህ ለቀረው ነው። ይህ ከደረቀ በእጃችሁ የቀረው ባዶ ሣጥን ነው።

ይህን የምለው መጀመሪያ የሄድነው እንዲህ ዓይነት በርሜል ወደሚሸጥበት ስለነበር ነው። የአትክልት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው። በርሜሎቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል፤ ዋጋቸውም የሚያጓጓ ነበር። ነገር ግን በጣውላዎቹ መካከል ብርሃን ይታያል፤ የብረት ቀበቶዎቹ ላልተዋል፤ አፍንጫዬን ወደ አፉ ሳስጠጋ የአቧራና የአሮጌ ጣውላ ሽታ እንጂ ውስኪ የሚባል ነገር የለም። ሻጩ «ውሃ ሙሉበት፣ አብጦ ይገጥማል» አለን። መግጠሙንስ ይገጥማል፤ የደረቀ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። የተነነው ውስኪ ግን አይመለስም። ከዚህ የባሰው ደግሞ አልኮል የጠበቀው እንጨት አልኮሉ ሲጠፋ ለሻጋታና ለኮምጣጤ ባክቴሪያ ክፍት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ አበባ ቢተከልበት ያምራል፤ ቢራ ግን አይገባበትም። ሻጩ ይህን እያወቀ ለመጠጥ ይሆናል ብሎ መሸጡ አስቆጥቶኛል፤ ዛሬም ያስቆጣኛል።

የገዛነው ቨርጂኒያ ውስጥ በርሜል ብቻ ከሚነግድ ሰው ነው። እሱ ገና በስልክ ሳለን የጠየቅነውን ሁሉ መለሰ፤ መቼ እንደተገለበጠ፣ ከተገለበጠ በኋላ አፉ ወዲያው በውታፍ ተዘግቶ እንደነበር፣ በውሃ ታጥቦ እንደሆነና እንዳልሆነ። ከተገለበጠ ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ ተዘግቶ ነው የመጣው፤ ውሃ አልነካውም። እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ዋጋው 190 ዶላር ነበር። ቅሬታ የለኝም ማለት አልችልም፤ በርሜሉ የሚቀመጥበት የእንጨት መደገፊያ አብሮ ይመጣል ብሎን ሳይመጣ ቀርቷል፤ ከቀበቶዎቹ አንዱም ከቦታው ተንሸራትቶ ነበር። ቀበቶውን በመዶሻና በእንጨት ቁራጭ ዙሪያውን እየመታን ወደ ቦታው መለስነው። መደገፊያውን ከመካከላችን አናጢ የነበረው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠራልን። በበርሜሉ ግን አላማውም።

በክዳኑ ላይ የኬንታኪው ማምረቻ የምዝገባ ቁጥርና ውስኪው የተሞላበት ዓመት፣ 2017፣ በቀለም ታትሟል። ባዶውን ሃምሳ ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ሁለት ሰው እያንከባለለ ይወስደዋል። ስናንከባልለው ውስጡ የሚንቀሳቀስ ፈሳሽ ድምፅ ሰማን፤ ውታፉን ስንነቅል ምድር ቤቱ በሙሉ በቫኒላና በቀለጠ ስኳር ሽታ ተሞላ። ሥሩ የቀረውን ጥቁር ውስኪ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልለን ለሁሉም ጠብታ ጠብታ ደረሰ። ከማንኛውም ጠርሙስ ውስጥ ካለ በርበን የወፈረ፣ ከሰል ከሰል የሚል፣ ኃይለኛ ነገር ነው። ያኔ ጥሩ ዕቃ መግዛታችንን አወቅን።

እዚህ ላይ የአገሬ ልጆች በጥብቅ እንዲሰሙኝ የምፈልገው ነገር አለ። በርሜሉ የተቀመጠው ሁላችንም፣ አሜሪካውያኑ ሳይቀሩ፣ ጋሼ ብለን በምንጠራቸው ሰው ምድር ቤት ነው። እሳቸው በርሜሉን ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ «እስቲ በወይራ እንጠነው። እናቶቻችን ጋኑን ሳያጥኑ ጠላ መቼ አስገብተው ያውቃሉ?» አሉ። ሐሳቡ ልቤን ነካኝ፤ ጋን በወይራ ጭስ ሲታጠን ተባዩ ይሞታል፣ ጠላውም ያንን ጭስ ይዞ ይወጣል፤ በእሳት የተለበለበ ኦክም ለውስኪ የሚሠራው ሥራ የዚህ ዘመድ ነው። ወይን ጠጅ የሚሠራው ጓደኛችን ግን እጃቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ እባክዎ እሳት አያቅርቡ፤ ውስጡ የታመቀው የአልኮል ትነት ነው፤ ይፈነዳል» አላቸው። እውነቱን ነው። የወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ድኝ እያጤሱ ማጽዳት የተለመደ ነው፤ ውስኪ ገና የተገለበጠበት በርሜል ውስጥ ግን ክብሪትም፣ ድኝም፣ ወይራም አይገባም። ክዳኑ ወደ ፊታችሁ ሊወረወር ይችላል። ጋሼም ወዲያው ተቀበሉት፤ ወይራቸውን ለሌላ ጊዜ አስቀመጡት።

ውስጡንም በውሃ አላጠብነውም፤ ለምን ውስኪውን እናጠፋለን? ጣውላው እንዲያብጥ በሁለቱ ክዳኖች ላይ ከውጭ በኩል ፈላ ያለ ውሃ እያቆርን ተራ በተራ አሳደርን። ቀጥሎ በርሜሉን መጨረሻ በሚቀመጥበት ቦታ፣ መደገፊያው ላይ አስተኛነው። ይህ ቅደም ተከተል ቀልድ አይደለም፤ ሲሞላ ቢራውም ዕቃውም ተደምሮ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ስንዝር የሚያነቃንቀው የለም።

ለመጀመሪያ ሙሌት የመረጥነው ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለውን ጠንካራ ጥቁር ቢራ ነው። ቀጭን ቢራ ውስኪ ገና ከተገለበጠበት በርሜል ጋር አይታገልም፤ ውስኪውና እንጨቱ ይውጡታል፤ አልኮሉም ስለሚያንስ በወራት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ሁላችንም አንድ ዓይነት የአጠማመቅ መመሪያ ተከተልን፦ ብዙ ፈዛዛ ብቅል፣ በላዩ የተቆላ ገብስ፣ ቸኮሌት ብቅል የሚሉት ጥቁር ብቅልና ጥቂት የካራሜል ብቅል፤ እንደ ጌሾ መራራነት የሚሰጥ በቂ ሆፕስ፤ እርሾው ሳፍኤል ዩ ኤስ 05። ሲጀምር የፈሳሹን የስኳር ክብደት በሚለካው ሃይድሮሜትር 1.095፣ ፍላቱ ሲያልቅ 1.025 ገደማ፤ አልኮሉ ዘጠኝ በመቶ አለፍ ይላል። የእያንዳንዱ ምድጃና ውሃ ስለሚለያይ ቢራዎቹ ፈጽሞ አንድ አልሆኑም፤ ያ አያሳስብም፤ በርሜሉ ያዋህዳቸዋል። ወሳኙ ነገር እርሾው ሥራውን በየቤቱ ጨርሶ፣ አተላው ሥር ቀርቶ፣ ጥርት ያለው ብቻ መምጣቱ ነው።

ስለ ሙሌቱ ቀን ከሁሉ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ቡድን በርሜል ይግዛ አይግዛ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ደንባችን አንድ ነበር። ከእያንዳንዱ ባልዲ በቁጥር ብቻ በተለየ ብርጭቆ ይቀዳል፤ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉም ይቀምሳል፤ አንድ ሰው እንኳ «ይህ አይግባ» ካለ ያ ባልዲ አይገባም። ክርክርም፣ ድምፅ መስጠትም የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ላክቶባሲለስ የሚባለው የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ የገባበት አምስት ጋሎን ቢራ ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ኮምጣጣነቱ ቀጥኖ አይጠፋም፤ ባክቴሪያው በርሜሉ ውስጥ ይራባል፤ የእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰፍራል፤ ከዚያ በኋላ በርሜሉን ንጹሕ ማድረግ አይቻልም።

ሰባተኛው ብርጭቆ ላይ ስንደርስ ጨዋታው ቆመ። ሽታው ደህና ነው፤ ጥቁረቱም እንደ ሌሎቹ ነው፤ ምላስ ጠርዝ ላይ ግን ቆንጠጥ የሚያደርግ ኮምጣጣ ነገር አለ። ጥቂት ነው። አለመናገር ይቻል ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ልጅ ናት፤ «ሰባት ላይ እኔ እሺ አልልም» አለች። ቁጥሩ ሲገለጥ የጋሼ ሆኖ ተገኘ፤ የቤቱ ባለቤት፣ የምድር ቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜም የሁላችን አባት። ልጅቱ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። ጋሼ ብርጭቆውን እንደገና ቀምሰው «እኔም ቤቴ ስቀምሰው ጠርጥሬዋለሁ። ለእኔ ብላችሁ የሁላችሁን አታበላሹ። አይግባ። አንቺም ልጄ፣ እንኳን ተናገርሽ» አሏት። ድርሻቸውን ግን ማንም አልነካም፤ ቤቱም መብራቱም የእሳቸው ነው። በአገራችን ወግ ለአዋቂ «ጠላዎ አልሆነም» አይባልም፤ ይህን መሻገር የማይችል ቡድን በርሜሉን ባይገዛ ይሻለዋል። እኔ በበርሜሉ ካገኘሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

አሥራ አንድ ባልዲ 55 ጋሎን ነው፤ 53ቱ ገባ፤ ሁለት ጋሎን ብቻ ለማሟያ ተረፈ። በዚህ ምክንያት ለመሙላት ከሚያስፈልገው ቁጥር አንድ ሁለት ሰው አስበልጣችሁ ተሰብሰቡ እላለሁ። በርሜሉን ቢራው ከመግባቱ በፊት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞላነው፤ ቱቦውንም እስከ ሥሩ አስገብተን ቢራው አየር ሳይመታው ቀስ ብሎ እንዲወርድ አደረግን። አንደኛው ክዳን ግርጌ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ለምግብ በሚሆን ሰም ደፈንነውና በማግሥቱ ቆመ።

ለመቅመስ ውታፉን ደጋግሞ መክፈት ቢራውን ለኦክስጅን መስጠት ነው። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የረሺያን ሪቨር ቢራ ጠማቂ ቪኒ ሲሉርዞ ያስለመደው ብልሃት አለ፤ ክዳኑ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ ተበስቶ በማይዝግ ብረት ምስማር ይደፈናል። ምስማሩን ስትነቅሉ ቀጭን የቢራ ጅረት ወደ ብርጭቆው ይወርዳል፤ መልሳችሁ ትደፍኑታላችሁ። ከሁለት ዶላር በታች ያወጣንበት ነገር ነው፤ ያለ እሱ በርሜል አልሞላም። ቢራው በጣውላው በኩል ቀስ በቀስ ስለሚተን ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ውስኪ ሠሪዎች ይህንን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ለውስኪ ይህ አያስፈራም፤ ለቢራ ግን ያ ባዶ ቦታ አየር ነው፤ አየር ባለበት የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይሠራል። ሁለቱ ጋሎን ለዚህ ነው ያለቁት።

በኦክቶበር ሞልተን በሜይ አወጣን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀመሰው ትኩስ ውስኪና ከሰል ብቻ ነበር፤ ቢራው የት እንደገባ አይታወቅም። በክረምቱ አጋማሽ የእንጨቱ ጠጣርነት ጎላ፤ አፍን እንደ ጥሬ ቅጠል ይይዛል። ከመካከላችን «ከዚህ በላይ ከቆየ ጣውላ እንጠጣለን» ብለው አሁኑኑ ይውጣ ያሉ ነበሩ። መታገሣችን ጠቀመ። ወደ ፀደዩ ሲቃረብ የተቆላው ገብስ ከቫኒላው ጋር ተገናኘ፤ ኮኮናቱ መጣ፤ የአልኮሉ ስለት ለዘበ።

አሁን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቢራ ሲቀዳ እንደ ዘይት ይከብዳል፤ አረፋው ቡናማ ሆኖ ቶሎ ይጠፋል። መጀመሪያ አፍንጫን የሚያገኘው ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ነው፤ አፍ ውስጥ ቸኮሌት፣ ትንባሆ ቅጠል፣ ከሥር ደግሞ ደረቅ ፍራፍሬ አለ። ሲውጡት ደረትን ያሞቃል። አልኮሉ ጨምሯል፤ ምን ያህል እንደጨመረ ግን በሃይድሮሜትር አይለካም፤ ሃይድሮሜትር የሚያሰላው ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ነው፤ ይህ ግን ከጣውላው ወጥቶ የገባ ውስኪ ነው። ስለዚህ ከትንሽ ብርጭቆ በላይ አትቅዱ፤ መኪና የሚነዳም አይቅመሰው። አንድ ጉድለት ልናገር፤ ከሰሉ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይመራል፤ ሆፕሱን ቀነስ አድርገን ቢሆን ይሻል ነበር። ጠርሙስ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ትኩስ እርሾ ይጨምርበት፤ የቀድሞው እርሾ ለወራት በአልኮል ውስጥ ስለደከመ ብቻውን ጋዝ አይፈጥርም። እኔ ኬግ በሚባለው የብረት የቢራ ዕቃ ውስጥ አስገብቼ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰጠሁት።

ጋሼ ወይራቸውን አልረሱም። ከድርሻቸው ጥቂቱን ከአዲስ አበባ ባመጡት እንስራ ውስጥ፣ በደንብ አጥነው፣ አስገብተው ለፋሲካ አቀረቡልን። እንስራ እሳት ይችላል፤ የሚፈራ ትነት የለበትም። ሁላችንም በጉጉት ቀመስነው። ጭሱ ያምራል፤ ሆኖም ቫኒላውንና ኮኮናቱን ደፈጠጣቸው፤ የበርሜሉ ሥራ ጠፋ። ለዚህ ቢራ አልመክረውም። ለቀላል ቡናማ ቢራ ግን ልሞክረው አስቤያለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በርሜሉ፣ የጭነት መኪናው ኪራይ፣ የመደገፊያው ጣውላ፣ ሰሙና ምስማሩ ተደምሮ 280 ዶላር ገደማ ወጣ፤ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 23 ዶላር ነው። የብቅሉ፣ የሆፕሱና የእርሾው ወጪ ለአንድ ሰው 65 ዶላር ያህል ነበር። አተላው ከተቀነሰ በኋላ እያንዳንዳችን 16 ሊትር ያህል፣ በጠርሙስ ሲቆጠር አርባ አምስት ገደማ ደረሰን። አንዱ ጠርሙስ ሁለት ዶላር አካባቢ ወደቀ ማለት ነው። በሱቅ በበርሜል ያረጀ ስታውት የገዛ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ከገዛችሁ በኋላ እንዳትደነግጡ ሌሎች ጉድለቶቹንም ልጨምር። የከሰል ፍርፋሪ ከግድግዳው እየረገፈ ቱቦውን ይዘጋል፤ ቱቦው ጫፍ ላይ የማይዝግ ብረት ወንፊት አድርጉ። በርሜሉ ባዶውን አይቀመጥም፤ እኛ ስታውቱን ባወጣንበት ቀን ሁለተኛውን ቢራ አዘጋጅተን ነበር የጠበቅነው። ከመጀመሪያው ሙሌት በኋላ ውስኪው በአብዛኛው ያልቃል፤ ሁለተኛው ሙሌት ለስላሳ ነው፣ ከውስኪ ይልቅ ኦክ ያመዝናል፤ ስለዚህ አሁን ውስጡ ያለው ብቅሉ የበዛ፣ ጥቁር ያልሆነ ባርሊ ዋይን የሚባለው ጠንካራ ቢራ ነው። ሦስተኛው ላይ ሆን ብለን ብሬታኖማይሲስ የተባለውን የዱር እርሾና ላክቶባሲለስን አስገብተን ኮምጣጣ ቢራ እንሠራበታለን። ያኔ የጋሼ ሰባተኛ ብርጭቆ ቢመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ በርሜሉም ከዚያ በኋላ ለንጹሕ ቢራ አይመለስም።

በመጨረሻ ስለ ትንንሾቹ በርሜሎች ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ መልሴን ላስቀምጥ። አምስት ጋሎን የሚይዝ በርሜል ለአንድ ሰው የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ ሊትር ቢራ የሚደርሰው የእንጨት ስፋት ከትልቁ በርሜል ከእጥፍ በላይ ነው። ቢራው ገና ሳይረጋ በጥቂት ሳምንታት የጣውላ ጣዕም ይሞላዋል፤ በዚያው ልክ የሚገባው አየርም ይበዛል። ዋጋውም ከትልቁ ብዙም አያንስም። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር፣ ቀዝቀዝ ያለ ምድር ቤት የሌለው፣ ወይም ብቻውን የሚጠምቅ ሰው የተቆላ የኦክ ቁራጭ ገዝቶ በበርበን ውስጥ ጥቂት ሳምንት ዘፍዝፎ ማብላያው ውስጥ ቢጨምረው በጣም ጥሩ ቢራ ያገኛል። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ለዓመታት ጠምቄያለሁ። አሥር አሥራ ሁለት ሰው፣ የማይነካ ጥግና ከተገለበጠ አንድ ወር ያልሞላው በርሜል ያገኘ ግን አያመንታ፤ ሻጩን ከማነጋገሩ በፊት ግን ሁሉም ብቅሉን ገዝቶ ይጠብቅ፤ በርሜሉ ቢራውን ቆሞ ከሚጠብቅ ቢራው በርሜሉን ቢጠብቅ ይሻላል።